ለቅሶ ላይ ብቻ አንገናኝ፦ የቤት ከበሮና ጭፈራ በይፋት ቆላ

   ስለ ባህል ንግግር እንዳደርግ ስጋበዝ፣ ስለ ባህል በጥቅሉ አውርቶ መሄድ ማንንም ከመቀመጫው እንደማያስነሣ ስለማውቅ አንድ ነገር ብቻ መረጥሁ። እርሱም ጎረቤትን ቤት ጠርቶ ከበሮ መምታት፣ መዝፈንና መጨፈር ነው።

ዓላማዬን ከወዲሁ ልናገር። በዚህ ቆላ ሰው ሲሞት መገናኘት አልተውንም። እድሩ ይጠራል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑም ለሙስሊሙ ሐዘን ይደርሳል። ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። በደስታ ቀን አብሮ መቀመጥ ግን እየቀረ ነው። ለቅሶ ላይ ብቻ የሚገናኝ ጎረቤት ደግሞ አንዱ ሌላውን የሚያውቀው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው፤ ሲያለቅስ አይቶታል፣ ሲስቅ ግን አላየውም። የዛሬው ንግግሬ ይህን ጉድለት በቤታችን፣ በእጃችን ባለ ነገር መሙላት እንደምንችል ለማሳየት ነው። ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያ የቤት ጭፈራ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። ቀጥሎ ሰውን ለምን እንደሚያቀራርብ፣ አደጋውም የት ላይ እንደሆነ እንመረምራለን። በመጨረሻ አንድ አባወራ ወይም አንዲት እመቤት በዚህ አገር እንዲህ ያለ ምሽት ሲያዘጋጁ ምን ምን ማሰብ እንደሚገባቸው እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ክፍል እንነሣ። ከበሮ የሚሠራው ከተቦረቦረ ግንድ ነው፤ ዋንዛ ለዚህ ተመራጭ እንጨት ነው። በሁለቱ አፎቹ የከብት ቆዳ ይወጠርና በጠፍር ይታሰራል። አንዱ አፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ስለሆነ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣሉ። በዚህ የተነሣ አንድ ሰው ብቻውን ሁለት ድምፅ ያነጋግራል። ቆዳው እርጥበት ሲስብ ይላላል፣ ድምፁም ይታፈናል። ያኔ ከበሮውን ወደ ፍም ያስጠጉታል። ያገሬ ሴቶች ይህን ሲሠሩ አስተውላችሁ እንደሆነ፣ ከበሮውን እሳቱ ዘንድ ጥለው አይሄዱም። ቆዳውን ወደ ሙቀቱ አዙረው በጣት ጫፍ እየነኩ ያዳምጣሉ፤ ጥቂት ያሞቃሉ፣ ያዞራሉ፣ ደግመው ይነካሉ። ድምፁ ጠርቶ ሲወጣ ወዲያው ያነሡታል፤ ከዚያ ካለፈ ቆዳው ይሰነጠቃል። ሙሉ የሙዚቃ ትምህርት እዚያች ጣት ጫፍ ላይ አለ፤ በቃል ሳይነገር ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውም እንዲሁ እያዩ ነው።

ከበሮ ከሌለስ? ከበሮ የጠፋበት ቤት ጭፈራ ቀርቶበት አያውቅም። በየሰርጉ የምናየው ቢጫው ጀሪካን አለ። ባዶውን ገልብጠው ጭን ላይ ያስቀምጡትና በመዳፍ ወፍራሙን፣ በጣት ቀጭኑን ያወጣሉ። በሰርግ ማታ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ሞንታርቦው ዝም ይላል፣ ዲጄው ገመድ ይነካካል፣ ሰዉም ጥቂት ግራ ይጋባል። ከዚያ ከወጥ ቤት በኩል አንዲት ልጅ ጀሪካን ይዛ ትመጣለች። ገና መምታት ስትጀምር ሴቶቹ ያጨበጭባሉ፤ ጥግ ይዘው ስልካቸውን ሲያዩ የነበሩት ሁሉ ይነሣሉ። ሞንታርቦው እያለ የተቀመጠ ሰው ሲጠፋ የተነሣበት ምክንያት አለ። ሞንታርቦው ከእርሱ ምንም አልፈለገም ነበር። ጀሪካኑ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ጭብጨባ ይፈልጋል፣ ተቀባይ ይፈልጋል፣ እልልታ ይፈልጋል።

የቤት ጭፈራ ምሰሶው ይህ ነው። አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። አውጪዋ ግጥሙን ትወረውራለች፤ የቀረው ሁሉ አዝማቹን ይቀበላል። ድምፁ የማያምር ሰው በተቀባዮቹ መካከል ይጠለላል። ማጨብጨብ ብቻ የሚችልም ቢሆን ሥራ አለው። በእስክስታችን ምት ውስጥ ስድስት ትናንሽ ምቶች አንድ ዙር ይሆናሉ። ጭብጨባው ስድስቱን ለሁለት ሲከፍል፣ ጆሮ ለሦስት የተከፈለም ይሰማባቸዋል። ትከሻ የሚንቀጠቀጠው በዚህ በሁለትና በሦስት መካከል ባለው መሳሳብ ነው። አጨብጫቢው ካቆመ ጨፋሪው መሬቱን ያጣል። ስለዚህ በዚህ ክብ ውስጥ ተመልካች የሚባል የለም፤ ሁሉም ለሌላው የሚያስፈልግ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ይህን ክፍል ልዝጋ። ይህ የአውጪና የተቀባይ ሥርዓት በለቅሶም አለ። አልቃሽዋ ሙሾ ታወጣለች፣ ሰዉ ይቀበላል፣ ደረት ይመታል። አንድ ሕዝብ ሐዘኑንም ደስታውንም የሚሸከመው በአንድ ዓይነት ችሎታ ነው። ደስታ ላይ አብሮ መዝፈን የተወ ሕዝብ ቀስ በቀስ ለቅሶ ላይ አብሮ ማልቀስም ያቅተዋል። ዛሬ በብዙ ከተሞች ሙሾ የሚያወጣ ሰው እየጠፋ ነው። በአንድ በኩል የሚደርቅ ምንጭ በሌላው በኩልም እንደሚደርቅ ከዚህ ልንማር ይገባል።

ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ። ከበሮ ሰውን ለምን ያቀራርባል? ይህ ጥያቄ የውጭ ሊቃውንትንም አሳስቧቸዋል። ዊሊያም ማክኒል የሚባል አሜሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለውትድርና ተመልምሎ በቴክሳስ ሰልፍ ሲማር፣ ከብዙ ሰው ጋር እግርን አስተካክሎ ለረጅም ሰዓት መርገጥ በውስጡ ያልጠበቀውን ትልቅ ደስታ እንዳሳደረበት ያስታውሳል። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1995 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ፣ በምት አብሮ መንቀሳቀስ በሰው ልጅ ታሪክ ማኅበርን ካጸኑ ኃይሎች አንዱ ነው ብሎ ተከራከረ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከኦክስፎርድ የመጡ ተመራማሪዎች በብራዚል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በትናንሽ ቡድን አስጨፍረው ፈተኑ። ከጭፈራው በፊትና በኋላ የደም ግፊት መለኪያ ክንዳቸው ላይ እያጠበቁ ሕመሙን እስከ ምን ድረስ እንደሚችሉት ለኩ። እኩል የተንቀሳቀሱት ሕመሙን የበለጠ ቻሉት፤ አብረዋቸው ለጨፈሩትም የበለጠ ቅርበት ተሰማቸው። አያቶቻችን ይህን በመሣሪያ አልለኩትም። ደቦ ወጥተው እየዘፈኑ ማሽላ ያጨዱትና የወቁት ግን ዘፈን ያለበት ሥራ እንደማያደክም ዐውቀው ነው።

በምዕራቡ ዓለም ዛሬ ብዙ ሰዎች በየመናፈሻውና በየቤቱ ከበሮ ይዘው በክብ ይቀመጣሉ። ለዚህ ልማድ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ናይጄሪያዊው ባባቱንዴ ኦላቱንጂ ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. ለትምህርት አሜሪካ ሄዶ ከበሮን ለብዙ ሺህ ሰው አስተማረ። በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሚኪ ሃርት የተባለው ከበሮ መቺ በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ ከበሮ ለአረጋውያን ጤናና ብቸኝነት ስለሚሰጠው ጥቅም ተናግሯል። እነዚያ ሰዎች ጎረቤት ከጎረቤት የማይተዋወቅበት ኑሮ ሲያስጨንቃቸው ከሌላ አህጉር ከበሮ ተምረው ነው የጀመሩት። እኛ ከበሮውም፣ አውጪዋም፣ ተቀባዩም በየቀበሌው አለን። የጎደለን መጥራት ብቻ ነው።

ሆኖም እዚህ ላይ ቆም ብለን ከባዱን ነገር ማየት አለብን። ምት ሰውን ያቆራኛል ስንል ማንን ከማን ጋር? ነጋሪትም ከበሮ ነው። በነጋሪት ክተት ታውጇል፣ ሠራዊት ተጠርቷል። ቀረርቶና ሽለላም ምት አላቸው፤ የሚያቆራኙት ግን አንዱን ወገን በሌላው ላይ ነው። ማክኒልም ስለ ሰልፈኛ ሲጽፍ ይህን አልሸሸገውም፤ አብሮ የረገጠ ሠራዊት አብሮ ይዋጋል። ስለዚህ ከበሮው በራሱ ሰላም አያመጣም። ሰላም የሚያመጣው ወይም የሚነሣው በክቡ ውስጥ ማን እንደቆመና ምን እንደተዘፈነ ነው። የራሳችንን ብቻ ጠርተን የጨፈርን እንደሆነ አጥራችንን ከፍ አደረግን ማለት ነው። ያኛውንም ጎረቤት ከጠራን ግን ያው ምት በአጥሩ ላይ በር ይከፍታል።

ይህን ለይፋት ሰው መናገር ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ። ይህ ቆላ ከጥንት ጀምሮ የተለያየ ሰው የሚገናኝበት አገር ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ነገሥታት የይፋትን ሱልጣኔት መሠረቱ፤ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድም በእጃቸው ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ጋር ከባድ ጦርነት ተዋጉ። ጦርነቱ ግን ንግዱን አላስቀረውም፤ ከቆላና ከደጋ የመጡ ነጋዴዎች በአልዩ አምባ ገበያ ለብዙ ዘመን ተገበያዩ። ዛሬም በሰንበቴ የእሁድ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩና አርጎባው በአንድ ሜዳ ይቆማሉ። ይህ የይፋት አንዱ ገጽ ነው። ሌላውን ገጽም ሁላችሁም በዓይናችሁ አይታችሁታል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደርሶ ሕዝቡ ተሰድዷል። ከዚያም ወዲህ በጀውሃና በዙሪያዋ ብዙ ደም ፈሷል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ቤቱ የተቃጠለበት፣ ልጁን የቀበረ አለ።

ታዲያ እንዲህ ባለ አገር ከበሮ ይመታል ወይ? ይህ ጥያቄ በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። ባህላችን መልሱን ከጥንት አስቀምጦታል። ጎረቤቱ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሰርግ ሲደግስ ከበሮ ከማስመታቱ በፊት ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል። ተቀምጦ ያጽናናል፣ ከዚያ ፈቃድ ይለምናል። ሐዘንተኛውም ብዙ ጊዜ «ልጆቹ ይጨፍሩ፣ የኛን እግዜር ያውቃል» ብሎ ይፈቅዳል፤ አንዳንዱም ራሱ ተነሥቶ ይመጣል። ፈቃዱ ካልተገኘ ከበሮው ይቀራል። በዚህ ልማድ ውስጥ ደስታው ሐዘኑን አይረግጠውም፣ ሐዘኑም ደስታውን ለዘለዓለም አይዘጋውም። በመካከል የሚቆመው ፈቃድ መለመን ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ የዕርቅ ትምህርት አላውቅም። ደጅህ መጥቶ ሐዘንህን ቆጥሮ፣ ከልጆቹ ደስታ በፊት ያንተን ስሜት የጠየቀ ሰው ጠላት ሆኖ አይቀርም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክፍል ደረስን፤ ጥሪው እንዴት ይሰናዳ? ከጊዜው ልጀምር። በቆላ ቀን ፀሐዩ ስለማያስቀምጥ የኛ ጭፈራ የማታ ነው፤ ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ ያለው የበጋ ጊዜ፣ በተለይ የጨረቃ ማታ ይመረጣል። የጾሙን ወራት መጠበቅ ግድ ነው። በዐቢይ ጾም በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ከበሮ ዝም ይላል። በረመዳን ሙስሊሙ ጎረቤት ማታውን ለተራዊህ ይፈልገዋል። አንድ ቀን ከመቁረጣችን በፊት ሁለቱንም የዘመን ቁጥር ማየት የአዘጋጁ የመጀመሪያ አክብሮት ነው።

ሁለተኛው ጥሪው ራሱ ነው። በስልክ መልእክት የተጠራ ሰው እንደልቡ ይመጣል ወይም ይቀራል። የቤቱ አባት ወይም እናት በእግር ሄደው የጠሩት ግን የተከበረ ነው። በመጀመሪያ ሐዘን ያለበት ቤት ይኬዳል። ከዚያ በቀኝ፣ በግራና በፊት ለፊት ያለው ጎረቤት ይጠራል። ከተቀያየምነው ጎረቤት ዘንድ ደግሞ ሁለታችንንም የሚያከብር ሽማግሌ እንላክ። ጊዜው ጥንቃቄ የሚጠይቅ ስለሆነ ለእድሩ ዳኛና ለቀበሌው ማሳወቅ፣ የማብቂያ ሰዓትም አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። ማታ አራት ሰዓት ያበቃል ያልነው ምሽት በአራት ሰዓት ማብቃት አለበት። ቃሉን የጠበቀ አዘጋጅ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠራ ይታመናል።

ሦስተኛው መስተንግዶ ነው። ብዙ ሰው ጎረቤቱን የማይጠራው ድግስ የሚያህል ወጪ ስለሚፈራ ነው። ያ ፍርሃት ይቅር። ለእንዲህ ያለ ምሽት ሥጋ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ባይኖር ይሻላል። ክርስቲያንና ሙስሊም የሚያርዱት ለየብቻ ስለሆነ ሥጋ ገበታውን ለሁለት ይከፍለዋል። ቡና፣ ቆሎ፣ ንፍሮና ዳቦ ግን ማንንም አይለዩም፤ ጾመኛም ይበላቸዋል። በጠላ ፈንታ ብርዝ ወይም ቀሪቦ ቢቀርብ ሁሉም ከአንድ ማሰሮ ይቀዳል። ቡናው ሦስት ጊዜ እስኪደርስ ጨዋታው ይሞቃል፤ አቦል ላይ የፈራ ሰው ቶና ላይ ያጨበጭባል። መቀመጫና ብርጭቆ ለማሟላት እድሩ አለ። ለለቅሶ የሚወጣው አግዳሚ ለደስታም ይውጣ ስል በእድራችን መተዳደሪያ ላይ ጠንከር ያለ ነገር እየጠየቅሁ መሆኔን ዐውቃለሁ። ግን ጠይቁ፤ ተወያዩበት።

አራተኛውና ዋናው ዘፈኑ ነው። አስቀድመን የሃይማኖቱንና የዓለሙን እንለይ። በቤተ ክርስቲያን ያለው ከበሮ ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋር የማኅሌት ነው፤ የያሬድ ዜማ የሚያርፍበት ቅዱስ ዕቃ ስለሆነ ለጭፈራ አይወጣም። በሙስሊሞች የጸሎት ስብሰባ፣ በወደጃ፣ የሚመታው ድቤና የሚባለው መንዙማም ዱዓ ነው። በወሎና በአካባቢው የነበሩ ሼሆች በአማርኛ የገጠሟቸውን መንዙማዎች በዐረብ ፊደል ይጽፏቸው ነበር፤ ታላቁ የታሪክ ምሁር ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፋቸው ስለ ወሎ እስልምና ሲያስረዱ የእነዚያ ሼሆች ዘመን ምን ያህል የዕውቀት ዘመን እንደነበረ አሳይተዋል። እነዚህን በየክብራቸው እንተዋቸው። ጎረቤት ሁሉ ለሚጠራበት ምሽት የሰርግ፣ የደቦ፣ የዓመት በዓል፣ የፍቅርና የትዝታ ዘፈኖች ይበቃሉ። ከበሮ መምታት የማይፈቅድ ሃይማኖተኛ ጎረቤት ካለም ለቡናው ይጠራ፤ ከበሮው ሲነሣ ቢሄድ ማንም ቅር አይበለው።

የግጥሙ ነገር ደግሞ ጥብቅ ነው። አውጪ ትልቅ ሥልጣን አላት። አንድ መስመር ቤቱን ሁሉ ያስቃል፣ አንድ መስመር እንግዳውን አንገቱን ያስደፋል። ስለዚህ አዘጋጁ አውጪዋን መርጦ አስቀድሞ ያነጋግራት፤ ወገንን የሚያነሣ፣ ድል የሚቆጥር፣ ሰው የሚያሳንስ ግጥም በዚህ ቤት እንደማይወጣ ይስማሙ። በሞቀ ጭፈራ መካከል እንዲህ ያለ ግጥም ከወጣ ተቀባዩ ዝም ይበል። ያልተቀበሉት ዘፈን ይሞታል፤ ይህ የተቀባይ ኃይል ነው። ከዚያ ሌላ አውጪ ትነሣ፣ ከበሮውም ይቀጥል። ኦሮምኛ የሚችለው በኦሮምኛ፣ አርጎባው በራሱ ያውጣ፤ አዝማቹ አጭር ከሆነ ቋንቋውን የማያውቅ ሰውም በሁለተኛው ዙር ይቀበለዋል። የጎረቤቱን አዝማች በአፉ የያዘ ሰው በነጋታው መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላምታው ይለወጣል።

ልጆችንም ማስታወስ አለብን። ከበሮው ሁሉንም እጅ ይዙር፤ ምሽቱን ሙሉ አንድ ሰው አይምታው። ልጅ ሲመታ ምቱ ይሳሳታል፣ ሽማግሌው በጭብጨባ ይመልሰዋል። ልጅ የሚማረው እንዲህ ነው። ስልክ ግን በዚያ ምሽት ኪስ ውስጥ ይቆይ፤ የሚቀርጽ ሰው ከክቡ የወጣ ሰው ነው፣ የሚቀረጽ ሰውም እንደልቡ አይጨፍርም።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ልጠቅልል። የጠየቅኋችሁ ነገር መንግሥት እስኪመድበው፣ ድርጅት እስኪረዳው የሚጠበቅ አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን፤ ጎረቤት ግን በመቅረብ ብቻ ጎረቤት አይሆንም፣ አብሮ ያሳለፈው ምሽት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ እያንዳንዱ እድር ከድንኳኑና ከድስቱ ጎን አንድ ከበሮ ይኑረው፤ ለጠየቀው አባልም ሁሉ ያውስ። ሁለተኛው፣ እዚህ ካላችሁት መካከል የቻለ ሁሉ በመጪው የማሽላ አዝመራ ማግሥት አንድ ማታ በሩን ይክፈት፤ ከሚጠራቸውም መካከል ቢያንስ አንዱ ቤት ከእርሱ ሃይማኖት ወይም ከእርሱ ወገን ውጭ ይሁን። ሰዎች ለለቅሶ እንጂ ለደስታ አይመጡም የሚል ካለ ገና አልጠራምና ይጥራ። አይመጣም ያለው ጎረቤት ከመጣ ደግሞ፣ ከበሮውን በመጀመሪያ ለእርሱ ይስጠው።